ብርሃኑን ጨምሩት

ድሬ የዋለችበትን ፀሐይ ከግድግዳዋ አውጥታ
እስክትጨርስ ድረስ፣ ገንደ ቆሬ ሰው ደጅ ነው ማታ።
ቴሌቪዥኑም እንደ ሰው ሞቆት
ወጣ ወደ በረንዳ፣ ገመዱን አስጎትቶ በመስኮት።

"ብርሃኑን ጨምሩት!
ማን ማን እንደሆነ በምን እንለይ? ሁሉንም ጥላሸት ቀቡት"
አለ ሮብሌ፣ ባጃጁ ላይ እንደተቀመጠ፣
አንድ እግሩ መሬት፣ አንዱ ፍሬን እንደረገጠ።
"ጫፍ ደርሷል እኮ" አለች የነጅሃ ልጅ፣ ሪሞቱን በጭኗ እየመታች፣
"የጨለመው ታሪኩ ነው" ብላ ሳቀች።

እኔ ይህን መጽሐፍ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ።
ጀርባው በፕላስተር የታሰረ፣ አንዱ ለአራት ልጅ።
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ዓይኔን ጨፍኜ እላለሁ፦
ሌሊት ጎርፍ የወሰደው ሕፃን፣
ሲነጋጋ፣ በግመል ነጂ ጋቢ ተጠቅልሎ
ለእናቱ ይመለሳል፣ "ራበኝ" ብሎ።
በዚያች "ራበኝ" ላይ ስንት ክፍል አልቅሷል!
ለዚያ እንባ ስንት ሙሉ ማርክ ሰጥቻለሁ።

ዛሬ በድራማው ነጋ። ግመል ነጂው መጣ።
ጋቢውን ፈታ፤
አንድ እግር የኮንጎ ጫማ ከውስጡ አወጣ፣
ደፉ ላይ አኖረ፣
ቃል ሳይተነፍስ፣ ግመሉን ይዞ ዞረ።
ዋሽንት የለ፣ እንጉርጉሮ የለ፤ የሠሪዎቹ ስም ብቻ ሽቅብ ፈሰሰ።
መጀመሪያ ጭጭ። ከዚያ ደጁ ታመሰ።

ጋሽ ድልነሳው ከዘራቸውን ሲሚንቶው ላይ አንኳኩ፣
በፈረንሳይኛ ተራገሙ፣ የምድር ባቡር ሰው ሲከፋው እንደ ልኩ፤
"የአያትን ቤት ገብቶ ዕቃ መስበር ምን ይባላል?
ሽልማት አምሮት ነው እንጂ፣ ደራሲው ያተረፈውን ማን ይገድላል?"
ነጅሃ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ፣
"ድሮ ይተርፍ የለም ወይ?" አለች፣
የጎረቤት ልጅ መርዶ ገና አሁን እንደሰማች።
ልጇ፣ "መጽሐፉን አላነበብኩትም፤ ግን ይሄኛው ይሻላል።"
ሮብሌ፣ "ግመል እንዲያ አይሳብም።
ገመዱን እንዴት እንዳጠበቀው አያችሁ?
ይህን የሠራ ሰው ግመል አያውቅም።"

ኢፍቱ ብቻ ዝም።
ከቀፊራ የተረፋትን ሐብሐብ ቆርሳ፣
በቢላ ጫፍ ፍሬውን ትለቅማለች።
"መምህር" አለች፣ ቀና ሳትል፣
"እኔ ጽፌው ነበር። ሦስት ከአሥር ሰጠኸኝ።"
(ድሬ አንቱታ አይሆንላትም።)

ትዝ አለኝ።
ክረምቱ ደቻቱን አሳብዶ ባለፈ በወሩ፣
የመጀመሪያው ፈተና።
"የመጨረሻው ምዕራፍ ምን ያስተምረናል?"
መልሷ አንድ መስመር ተኩል፦
"ወንዝ የወሰደውን አይመልስም። ደራሲው ደቻቱን አያውቀውም።"
እኔ በቀይ እስክሪብቶ፦ "መንፈሱን አልተረዳሽም።"

አጠገቧ የመንታ ወንድሟ ወንበር ነበር።
ግማሹ ተማሪ ድንኳን ነው፣ ይመጣል ብዬ
በስሙ ትይዩ "ቀሪ" አልኩ።
በማግስቱም "ቀሪ"።
ቀሪዋ ግን እሷ ነበረች፣
ፊት ለፊቴ፣ እጆቿን ዴስኩ ላይ አነባብራ፤
እኔ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ሐብሐብ አቀበለችኝ።
"መጽሐፉን አልጣልኩትም" አለች፣
"ለልጄ ያንን ገጽ አነብለታለሁ።
'ራበኝ' ስል ይስቃል፣ ከዚያ ይተኛል።
ለሱ ያ ይሁነው።
እኔን ግን ዛሬ ገና ሰው ያመነኝ መሰለኝ።"

ምን ይመለሳል ለዚህ?
ሐብሐቡ ለብ ብሏል፤ ፍሬ አንድም አልቀረበትም።

ማስታወቂያ ገባ። ነጭ የለበሱ ሰዎች
ሳሙና ታቅፈው ሳቁ፤
በረንዳው፣ ከዘራው፣ የኢፍቱ ቢላ፣
ሁላችንም በአንዴ ነጣን።
"ኧረ በአላህ" አለ ሮብሌ፣ ዓይኑን በክንዱ ጋርዶ፣
"ብርሃኑን ቀንሱት።"